ዘጠና ሚሊ

ዕጣው ሲነሳ አራት ቁጥር መጣ፤
ውባንተ። ልቤን አንድ ነገር ቆነጠጠው፣ ፊቴ ላይ ግን አልወጣ።
ከሜዳው ጠርዝ ተቀበልኩት፣ ማሊያው በላብ ከጀርባው ተጣብቆ፤
ሕጉ እንዲህ ነው፤ ከአሁን ወዲያ ከዓይኔ አይሄድም ርቆ።

ከጥላ ፎቁ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል፣ የካምፎር ሽታ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ወንበር፤
ከግድግዳው ማዶ ደጋፊው ስሙን እየጠራ ጡሩምባ ይነፋ ነበር።

ሁለት ሊትር ውኃ ጠጣ፤ ሽንቱ እምቢ አለ።
ሌላ ከፈትኩለት፤ «ቆይ» አለ።
ማራኪ ጤና ጣቢያ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣
ቅንድቡን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አራት ክር። አላለቀሰም፤
«ኳሷስ?» ብቻ አለ።

አሁን ማሊያውን እስከ ደረቱ ሰብስቦ፣ ቁምጣውን እስከ ጉልበቱ አውርዶ
ይቆማል። እኔም አያለሁ፤ ሥራዬ ማየት ነው።
ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ እንዲህ አፍሬ አላውቅም፣ ሽንት ስጠብቅ ከሰው።

ጉልበቱን ያኔ አየሁት። እንደ ዱባ አብጧል፤
የመርፌው ነጥብ በጎኑ ተደርድሯል።
«ክለቡ ነው ያስወጋኝ» አለ፣ «ሐኪሙ ፈርሟል፣ ይፈቀዳል፤
እሑድ ጨዋታ ካለ እሑድም ይደገማል።»

ያ ይፈቀዳል።
ደረቱ ላይ የታተመው የቢራ ስም፣ እሱም ይፈቀዳል፤
ባሸነፉ ቁጥር አውቶቡሱ ላይ በሳጥን ይጫናል።

ቅጠሏ ግን፣
አዘዞ ካምፕ ሌሊት ታርጋ የሌላት ባጃጅ የምታመጣት፣
በሲጋራ ወረቀት ተጠቅልላ፣ ጉልበት ሲነዝር የሚስባት፣
ሽማግሌዎቹ «ዕፀ ፋርስ» የሚሏት፣ ልጆቹ ግን «እንቅልፌ» የሚሏት፣
እሷ አትፈቀድም።

«ለኳስ አይደለም ጋሼ፤ በሷ ማን ሮጦ ያውቃል? ትጎትታለች እንጂ አታስሮጥም፤
እኔ ልተኛ ብል ጉልበቴ አይተኛም።»
የቢራው በማግስቱ ይጠፋል። የሷ ግን
በሚያዝያ የበነነ ጭስ በግንቦት ሽንት ውስጥ ይገኛል።

ሕጉን አላማሁትም። የአባ ጃሌውን ክንፈን አውቀዋለሁ፣
በቀኝ መስመር የሚበረውን። ሲጀምራትም አይቻለሁ፣ «ለመዝናናት» ሲል ሰምቻለሁ።
ዛሬ ከቀሃ ድልድይ ሥር ከማይታይ ዳኛ ጋር ሲከራከር ያመሻል፤
ሳልፍ «ካርዱን አሳየኝ!» ይለኛል። ኪሴን እዳብሳለሁ። ምን ይገኛል?
የሷ ሥራ ይሁን፣ ቀድሞም የነበረበት፣
አላውቅም። ነርስ ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም።
የያዝኩት የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ሚዛን አልያዝኩም።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ።
በጨለማው፣ ማንም ሳያየው፣ ያ እምቢ ያለው ውኃ ወረደ፤
ዕቃው ሲሞላ ድምፁን ሰማሁ። በስልኬ ብርሃን ስለካው
ዘጠና ሚሊ። ልክ ነው። በጓንቱ ላይ እንኳ ይሞቃል፣ ስነካው።

በ«ሀ» እና በ«ለ» ጠርሙስ ከፈልነው፤ ክዳኑ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።
ቅጹ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦
ናሙናው ሲወጣ በዓይንህ አይተሃል?

በጆሮዬ ነው። ለጆሮ የተተወ ቦታ ቅጹ የለውም።
«አላየሁም» ብል ነገሩ ይላላል፤
ጠበቃ የሚያቆም ሰው በዚህች ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል።
«አይቻለሁ» ብል ዋሽቼ አስቀጣዋለሁ።
እውነት የምታድነው፣ ውሸት የሕጉ ወገን የሆነችበት ቀን፣
እኔ ይህን መቼ አይቻለሁ?

«አይቻለሁ ይበሉ ጋሼ» አለኝ፣ የጫማውን ክር እየሳበ፤ «ደክሞኛል፤ ደግሜ ውኃ አልጠጣም።
ልሂድ።»
እስክሪብቶው በእጄ ነው። አልተነፈስኩም።

ከዚያ መብራት መጣ። ከፒያሳ እስከ ቀሃ
ሰፈሩ ሁሉ ጎል እንደገባ ጩኸቱን ለቀቀው፤
ውባንተ ሳያስበው ብድግ አለ፣ እጁ ወደ ላይ፤
ጉልበቱ አስቀመጠው።