ረዳት ሙቀት

ቆፋሪዎች ናቸው ከሳምንት ደሞዛቸው
ሳንቲም እየቆረጡ ይህን ቤት የሠሩት፣
ከስር ለአዳራሽ፣ ከላይ ለንባብ ክፍል፣
ከምድር ሆድ ሲወጡ ብርሃን እንዲያዩበት።
ዛሬ ጉድጓዱ ተደፍኖ በላዩ ሣር በቅሏል፤
በዚህ የዌልስ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ ዝናብ ብቻ ሆኗል።
እኔ ግን አለሁኝ፤ ኔሪስ እባላለሁ፣
ማክሰኞና ሐሙስ ለሽማግሌዎች ጋዜጣ አድላለሁ።

ኢድወል ደግሞ ከስር፣ ከቦይለሩ ጋራ
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጉድጓድ የሠራ፣
እንደ ማዕድን ፈረስ ስም አውጥቶለት የሚጠራ፦
«ተነሥ እንጂ ዳይ!» እያለ በጨለማ የሚጣራ።

ዳይ መነሣቱን ይነሣል፤ አነሣሱ ግን የሽማግሌ፣
ሙቀቱ በቧንቧ እያነከሰ፣ በየፎቁ ዕረፍት እያለ፣
እኔ ዘንድ ሲደርስ አንባቢው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፤
ብርድ ብቻ ወንበር ስቦ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።
ሄይድን ፕሮሰር አራት ክረምት ሻርፑን አልፈታም፤
ገጽ ለመግለጥ ጓንቱን ያወልቃል፣ ለማንበብ ያጠልቃል፤
ሳሉ ሲነሣበት ፊደሉ በትንፋሹ ጉም ይጠፋዋል።

ኅዳር ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ ተከራከረ።
አንዱ «አዲስ ቦይለር!» አለ፤ ሒሳብ ያዧ ሳቀች፤ እዚያው ቀረ።
ማራገቢያ ያለው ማሞቂያ ይገዛ ተባለ፣
ከመስኮቱ ስር የሚሰቀል፣ ቁመቱ ሻንጣ ያከለ።
«ዋናው ዳይ ነው» ብለው ጻፉ፣ ኢድወል እንዳይከፋ፣
«ይህ ረዳት ብቻ ነው።» ኢድወል ግን በሩን ወርውሮት ጠፋ።

ተሰቀለ።
ቁልፉን ስጫን አጉረመረመ፤
የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ የመጋረጃው ጫፍ ቀና ብሎ ቆመ፤
ጋዜጦቹ ከጠረጴዛው ክንፍ ሊያወጡ ሞከሩ፣
«ያዙልኝ!» ብዬ ጮኽኩ፤ በክርን ተጫኗቸውና ቀሩ።
ዐሥር ደቂቃ። ዐሥር ብቻ። ሄይድን እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤
ያ ቡናማ ሻርፕ ከአራት ክረምት በኋላ ወንበር ላይ ወረደ።
ማንም ምንም አላለ።
ሰው ሲገናኝ ብርድን እንጂ መሞቁን መች ያወራል?

ኢድወል ወር ሙሉ አልወጣም። የወጣ ዕለት፣
«ወሬኛ ነው» አለኝ፤ «አየሩን እንጂ ግድግዳውን አያውቅ፣
ሲያጠፉት ብን የሚል። ዳይ ግን ከድንጋዩ ጋር ነው የሚተዋወቅ፤
ማታ ሲተኛ እንኳ ቤቱ አይረሳውም እስኪነጋ።»
እውነቱን ነው። ዝም አልኩት። ዳይን መንካት አደጋ።

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ ደረስኩ።
በሩ ገርበብ ብሏል። መብራት አለ። ኮቴዬን ቀነስኩ።
ኢድወል ተንበርክኳል፤ የረዳቱን ሽፋን ፈትቶታል፣
ማጣሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጺም ብሩሽ ይጠርገዋል፣
ቀስ ብሎ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚጠርግ ሰው፤
ግራጫው ትቢያ ጋዜጣ ላይ ሲከመር ጣቱን ነክሮ አየው።

«ካልጠረጉት ይታፈናል፤ ወር አይቆይም» አለኝ፣
«ዞር በይ ደግሞ፣ ብርሃኑን ዘግተሽ አታሳውሪኝ።»

አባቱንና ታላቅ ወንድሙን ትቢያ ነው የወሰዳቸው፤
መቃብራቸው ከዚህ መስኮት ይታያል፣ ዝናቡ ካልጋረዳቸው።

ምንም አልጠየቅኩም። ጋዜጣውን ከነትቢያው ተቀበልኩ።
ሽፋኑን መለሰ፤ አራት ብሎን፤ የመጨረሻዋን እኔ አቀበልኩ።
«ስም አለው?» አልኩት። «ለረዳት ስም አይወጣም» አለ፣
ቁልፉን ተጫነና፣ መዳፉን አስጠግቶ፣ ትንሽ ዘገየ።
ከስር በቧንቧው ዳይ ያንኳኳል፤
ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።