ሞላ

ዘጠኝ ነበር ድሮ፣ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ፣
ሽንኩርት ተጭኖባት፣ ላዩ ሸራ ውሎ፤
ከቱሉ ዲምቱ ዳር እስከ ሳሪስ ገበያ
አንድ ቀን ሳያምራት የመንገድ ማደያ።
ከጥቅምት ወዲህ ግን ሆዷ ሌላ ሆነ፤
ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት… ቁጥሩ መነመነ።

ሚስቴ አስካለች ደብተር አላት፣ የልጅ ሒሳብ ደብተር፣
በግራ በኩል ሊትር፣ በቀኝ ኪሎ ሜትር።
ማታ ታየኛለች መነጽሯን አንሥታ፣
«ስድስት ነው» ትላለች፣ ሌላ ነገር ትታ።

መጀመሪያ ያማሁት ማደያውን ነበር፤
ሦስት ሰዓት ተሰለፍኩ፣ አንገቴን ሳሰግር፤
አፍጥጬ ቆጠርኩት፣ በጀሪካን ለክቼ፤
ሙሉ ነው። ተመለስኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ካንዴላ ቀየርኩኝ፣ አራቱንም አዲስ፤
ፊልትሮ አራገፍኩ፣ አቧራው እስኪያስነጥስ፤
ጎማ አስነፋሁ ደግሞ፣ እስኪጠና እንደ ድንጋይ፤
ስድስት። ያው ስድስት ነው፣ የደብተሩ ገጽ ላይ።

በሽታ ከብረት ውስጥ ተፈልጎ ሲታጣ
ዓይን ወደ ሰው ነው ዞሮ የሚመጣ።

ረዳቴ ገመቹ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ሌሊት ጋቢናዋ ነው ማደሪያው፣ ቤቱ።
ቱቦ አገኘሁበት ከወንበሩ ሥር፣
ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ያደፈ ዳር እስከ ዳር።
«ለራዲያተር ነው» አለ፣ «ውሃ ምቀዳበት።»
እኔ ግን ቤንዚኔን ሲጠጣ አየሁበት።
አልጮህኩም። ደመወዙን በጣቴ ቆጥሬ
ሰጥቼው «ይብቃን» አልኩ፣ ወደ ግቢው ዞሬ።
አልተከራከረኝም። ብርድ ልብሱን ጠቀለለ፣
ጎኗን መታ መታ አርጎ፣ «ደህና ሁኚ» አለ፤
ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ።

በሳምንቱ አስካለች ጻፈች፦
አምስት ከግማሽ።

መካኒክ ዋቅጅራ፣ ብሎኬት ቤቱ ጀርባ፣
ኮፈኗን አልነካም፣ ከሥሯም አልገባ።
«ቁልቁለቱ ላይ ነህ። ማርሿን ዜሮ አርጋት፤
ፍሬኑን ልቀቀው። አትንካ። ተዋት።»
ለቀቅኩት። ቆመች፣ እንደ እልኸኛ በቅሎ፣
መሬት እየጠራት፣ እግሯ እንቢ ብሎ።

ከኋላ ግራ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ፣
መዳፌን ይዞ ሄዶ ቸርኬው ላይ አዋለ፤
አቃጠለኝ።
የቀኙን ነካሁት፤ እንደ ማለዳ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

«ፍሬን ይዘህ ነው ስትነዳ የከረምከው» አለኝ፣
የጎረቤት ጉንፋን እንደሚያወራ፣ ቀለል አርጎ ነገረኝ።
ታምቡሩን በመዶሻ ደብድቦ ሲፈታው
የተቃጠለ ሸራ አፍንጫዬን መታው።
ከዚያ ከጣቱ ጫፍ አንድ ነገር አንጠለጠለ፦
የዛገ፣ የላላ፣ ሸራውን ወደ ቦታው መመለስ ያልቻለ።
እኔ ስንት ሳምንት ታንክ ስሞላ ስሞላ፣
ለካስ የጎደላት የሁለት ጣት ሞላ።

ዋጋው የሦስት ሊትር ያህል ነው።

እጁን ሲያብስ ቱቦውን አየ። አሸተተው።
«የውሃ ነው» አለ። «ቤንዚን የለመደ ቱቦ
እንዲህ አይለሰልስም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።»
ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

አስካለች ማታ ጻፈች፦ ስምንት ተኩል።
ከሥሩ፣ ሊትርም ኪሎ ሜትርም በማይጻፍበት ቦታ፣
«ገመቹስ?»

አደባባዩ ጋ አገኘሁት፣ የሰው አይሱዙ ላይ፣
ብሎኬት ሲያቀብል፣ ሲሚንቶ ፊቱ ላይ።
ጥሩንባ ነፋሁ። ዞረ። እኔን አላየም፤
የኋላ ግራ ጎማዋን ነው ያየው።
ዘሎ ወረደና በቁርጭምጭሚቱ ተቀመጠ፣
ቸርኬውን በእጁ ጀርባ ነካ። ፈገግ አለ።

«ተሠራች» አለ። «ሌሊት ስትቀዘቅዝ ትጮህ ነበር በዚህ በኩል።
ነግሬህ ነበር እኮ፣ ለመስቀል ሰሞን።»

ነግሮኝ ነበር።
ሽንኩርት እየቆጠርኩ ነበር ያኔ፣ «እሺ እሺ» ያልኩት።

የምመልሰው አጣሁ። መስኮቱ ክፍት፣ ሞተሩ አልጠፋ፣
አደባባዩ ዳር ቆሜ ቀረሁ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ቤንዚኑ ሲያልቅ፣
አንዲት ሜትር ሳልራመድ።