ደረሰኝ

ማክሰኞ፤ ጅማ ላይ ዝናብ፤ አዌቱ ጢም ብሎ፣
ደብዳቤው ደረሰ፣ በጊቤ መንገድ ሲንከባለል ውሎ።
ራስጌው ላይ አርማ፣ ግርጌው ላይ ማኅተም፣
መሐሉ አንድ መስመር፣ ሌላ ነገር የለም፦
«ከሐምሌ ጀምሮ ራስ ገዝ ናችሁ።»

አዳራሹ ፈላ።
ፕሬዚዳንቱ ጉርሜሳ መነጽሩን አወለቀ፣
«እስከ ዛሬ እጃችን ታስሮ ነው» ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ።
አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፤
ፈረንሳይ የተማረው ግን እጁን አጣጥፎ እንዲህ አለ፦
«እዚያም ሕግ ወጣ፤ ቁልፉን ሰጧቸው፣
ገንዘቡ ግን ቁልፉ ከማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ቀረባቸው።»
ከቦንጋ የመጣች ልጅ፣ የተማሪዎች ተወካይ፣
እጇን አውጥታ ቆየች፤ ማንም አላያት ከላይ።

እኔ ዙበይዳ ነኝ፣ የንብረት ክፍል ሰው፤
የተጠራሁትም ለባልዲ ብቻ ነው።
ጣሪያው ያፈስሳል፣ ልክ ከፕሬዚዳንቱ ወንበር በላይ፤
ዘጠኝ ክረምት ጻፍን፤ ከላይ የመጣው ውሃ ብቻ ነው እንጂ መልስስ አልመጣም ከላይ።
«ሚኒስቴር ነው» ስንል፣ «በጀት ነው» ስንል፣
ጥፋቱን ባውቶቡስ ጭነን ስንገላገል፣
አሁን ይሄ ጠብታ
የማን ይባል?

በእኔ መዝገብ «ገዛ» ፍቺው ሌላ ነው፤
የተገዛ ሁሉ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ አለው።
ስንት? ከማን? ለማን? የተረካቢ ስም፤
ያለ ሁለት ፊርማ ከበር አያልፍም።
ያ የደም መመርመሪያ ማሽን ስድስት ዓመቱ፣
ከነሣጥኑ ቆሟል፣ አይጥ ወልዳ ከቤቱ፤
ገዢው ተሾሞ ሄደ፣ ፈራሚው ወጣ ጡረታ፣
ገጹን ግን እኔ ነኝ የማየው፣ ጠዋትና ማታ።

ታዲያ ሰው ራሱን ሲገዛስ፣ ደረሰኙ የት ነው?
ማነው ያስረከበን? የተረከበውስ ማነው?

ሁሉም ጃንጥላውን ዘርግቶ ሲበተን
አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ባልዲው አጠገብ ቆሜ ጻፍኩ፦
ጣሪያ፣ አንድ፤ የሚያፈስ።
ማሽን፣ አንድ፤ ያልተከፈተ።
እጅ፣ አንድ፤ የቦንጋዋ ልጅ፤ ገና ያልወረደ።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ጉርሜሳ እስክሪብቶውን ተቀበለ።
ከዚያ በልማድ
ዓይኑ በመስኮቱ ወጣ፣ ወደ ጊቤው መንገድ፣
አንድ አውቶቡስ ጭቃ እየረጨ ወደሚርቅበት፣
ይፈርምለት የነበረው ሰው ያለበት ይመስል።

ጠብታው ገጹ ላይ ወደቀ።
በመዳፌ ጠረግሁት።
«ዶክተር» አልኩት፣ «ወደዚህ ነው።»