ሦስት ፊደል

ግሪምስቢ ወደብ፣ ዝናብ እያካፋ፣
መዝገበ ቃል ሠሪው ሲላስ በአንዲት ቃል ለፋ።
ሣጥን ሙሉ ካርድ ለፍቺዋ ቢያንሳት፣
መረብ ጠጋኝ ቲርዛን ከደጇ ጠየቃት።

«ጀንበር ስትጠልቅ እሷ፣ መረብ ሲጣል እሷ፣
ወጌሻም ሰባራ ክንድ ሲገጥም እሷ፣
ማርማላታው ረግቶ ማንኪያ ሲያቆም እሷ።
የሻይ ስኒዎቼ ስድስት ነበሩ ድሮ፣
ዛሬም ስማቸው ያው፣ አንዱ ተሰብሮ።»

«መርከብስ ሲነሳ?» አለ ቀለም ነክሮ።

«ያቺው ናት» አለችው መርፌዋን ሰክታ፣
«ባሌ በእሷ ወጣ፣ አንድ ሰኞ ማታ።
መመለስ ሌላ ቃል ነው።»
ካርዱ ላይ ከብዕሩ ጠብ አለች ጠብታ።

ያን ካርድ አገኘሁት።
በእኛ ሁለት ፊደል፣ እንደ ድምፁ ጻፍኩት፤
ከዚያ አነበብኩት፦

ሴት።