እንቁላል ቁጥር አሥራ አራት

"ጫማህን ከደጅ" አለች፣ "እጅህን በአልኮል ታጠብ"፤
ነጭ ካፖርት ሰጠችኝ፣ ብብቱ ሥር የሚጠብ።
አንጓች ትባላለች፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣
ዓይኗ ሥር ያበጠ፣ እንቅልፍ ያልታደለ።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ከጣና ጥግ ያለ ቤት፣
እምቦጭ ውሃውን ለብሶ፣ ጄኔሬተር እንደ ውሻ ከደጁ ታስሮበት።
ውስጡ ይሞቃል፣ ዝናብ እንደራቀው ግንቦት፤
ሣጥን አለ ከግድግዳው፣ መስታወት በር ያለበት፤
በግንባሩ ቀይ ቁጥር፦ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት።
"ይቺ ቁጥር" አለች አንጓች፣ "ለነሱ እናት ናት።"

አንዱን እንቁላል አንሥታ ባትሪ ከሥሩ አበራች፤
እንደ ወንዝ ገባሮች ቀይ ክር ታየኝ፣
መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ ትዘላለች።

መዝገቡን ከፈተች፤ ጣቷ በረድፉ ወረደ፣
አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ልቤ ቀድሞ ሄደ።
"ቁጥር አሥራ አራት፤ ከፎገራ፣ ከሸሸር ዳር፤
አምጪው፦ ምንውየለት።"
ስሜን ከማዳበሪያ ዕዳ ሌላ ተጽፎ አይቼው አላውቅም ነበር።

"አምጪው" ይላል መዝገቡ፤ "ወሳጁ" አይልም፤
ከማን እንደተወሰደ የሚሞላ ረድፍ የለውም።

ሐምሌ መግቢያ ነበር፤ ረግረጉን ለሩዝ ሳቀና፣
ቦይ ስቆፍር፣ ለውሃው ስጠርግለት ጎዳና፣
ከቄጠማው ውስጥ ብድግ አለች፣ ያቺ ባለ ዘውድ ሽመላ፣
ክንፏን ዘረጋች፣ ዘለለች፣ ዞረች አንዴ በፊት፣ አንዴ በኋላ።
ጭፈራ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ ልመና ኖሯል፤
ሁለት እንቁላል ከእግሯ ሥር፣ ነጭነቱ ወደ ሰማይ ያደላል።

አልዋሽም፤ በልጅነቴ ቀቅለን በልተነዋል፣
ጣዕሙ ከዶሮ አይለይም፤ ጨው ብቻ ይፈልጋል።

ቦዩ አለቀ። ውሃው ሸሸ። ውሃው ሲሸሽ እሷም ሸሸች።
ማታ የጎረቤት ውሻ መጣች፤ አንዱን ሰበረች።
ሌላውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ከወረታ ሚኒባስ ያዝኩ፤
ረዳቱ "ጠጋ በሉ!" ሲል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩ።
"ምን ይዘው ነው አባባ?"
"እንቁላል።"
"አንድ እንቁላል ሊሸጡ ባሕር ዳር ድረስ?" መኪናው በሳቅ ፈነዳ፤
እኔም ሳቅኩ፤ ደረቴ ላይ ግን ይሞቅ ነበር ያ ዕዳ።

አንጓች ታወራለች፦ "በመጣ በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፣
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው፤
የፏፏቴ ጎረቤት ሆነን ጨለማ በላያችን ሰፋ።
እንቁላሉን ለአራት ተካፈልን፤ ያንተ ለኔ ደረሰኝ፣
ጡቴ ሥር አደረ፣ ሳልገላበጥ፤
ልጄ ጠዋት አኮረፈች፣ ወፍ ከሷ እንዴት ይብለጥ።"

ከዚያ ግራጫ ጨርቅ ለበሰች፣ እስከ ጥፍሯ ተሸፈነች፣
በቀኝ እጇ የሽመላ ራስ አጠለቀች፤
አንገቱ ጥቁር ከፋይ፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ ቁራጭ፣
ዘውዱ ከስንደዶ የተሰፋ፣ በመብራቱ የሚያብለጨልጭ።
"እንዳትተነፍስ" አለችኝ። "ድምፅህን ከሰማ ሰው ነኝ ይላል፤
ሰው ነኝ ካለ ወደ ሰው ይሄዳል፤
ወደ ሰው የሄደ ደግሞ..."
አልጨረሰችውም።
ጨው ትዝ አለኝ።

በቀዳዳ አየሁት፤ ቡናማ ባዘቶ፣ በሁለት ስንጥር ላይ የቆመ፣
ከጨርቅ እናቱ አፍ ትል ሲቀበል፣
ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ አዘመመ።
ልጠራው ፈለግሁ። በምን ስም? አፌን በእጅጌዬ ያዝኩ፤
ስድስት ልጅ ያሳደግሁ ሰውዬ፣ ከጫጩት ፊት ተደበቅኩ።

"ሲጎለብት የት ትለቁታላችሁ?"
አንጓች ራሱን ከእጇ አወለቀች፤ ገለጠች መዝገቡን እንደገና፤
ጣቷ "የመጣበት" ከሚለው ላይ ቆመ፤
እሷም አላየችኝ፣ እኔም አላልኩ ቀና።

ወረታ ስደርስ ዝናብ ነበር። ሩዙ ከጉልበት ሊደርስ ተቃርቧል፣
በጨለማው ውስጥ ቦዩ ያወራል።
አካፋዬ ከደጅ ቆሟል፤ ክፈት ወይ ድፈን አላልኩትም፤
ጭቃውን ብቻ አጠብኩለት፤
ዝናቡም አላባራ፣ እኔም አልተኛሁም።