ሦስት ኳስ በስሙኒ

ከአሰብ በኤንትሬ ተጭና ስትመጣ፣
ሐምሌ ነበር፣ አዌቱ ሞልቶ ከዳር ሲወጣ።
አራት ወዛደሮች በሸራ ጠቅልለው
ፈረንጅ አራዳ ላይ በጭቃው ሲያወርዷት
«ማን ሞተ?» አሉ ጎረቤት፣ አስከሬን መስላ ሲያይዋት።

ሶኬቷን ሲሰኩ አቶ ሸዋቀና፣
ደወሏ ጮኸና፣ አምፖሏ በራና፣
የዋና ልብስ ለብሳ፣ መስታወቷ ላይ የተሳለች ኮረዳ
ሁላችንን ጠቀሰች፤ ሊስትሮ አትል፣ ሾፌር አትል፣ አትል ባዳ።
ስሟ ፍሊፐር ነው፤ እኛ ግን «እሜቴ» አልናት።
ሦስት ኳስ በስሙኒ፤ ያጣን ተበድረን አጎረስናት።

የሄርማታው ነዚፍ በወገቡ ይጫወታል፤
ጎኗን በስሱ ነክቶ፣ እንደ በቅሎ ያባብላል።
ተማም ግን ጉልበተኛ፣ ይዞ ይነቀንቃታል፤
ያኔ መብራቷ ድርግም፣ «ቲልት!» ትላለች፣ ስሙኒው ይበላል።
ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን
ባል ሚስቱን ሲገፋ፣ ጸሐፊ ባለጉዳይ ሲያጉላላ፣
«ተው፣ ቲልት ትላለች» ነበር ምክራችን።

እኔ ቁጥር ጻፊ ነበርኩ። ልጅ ነኝ፣ ቁመቴ አልደረሰም፤
የሳሙና ሳጥን ላይ ቆሜ እንኳ ኳሷ አትታየኝም።
በከሰል እጽፋለሁ፣ ከጓዳው ግድግዳ፣
ስም በግራ፣ ቁጥር በቀኝ፣ ለዱቤ ሌላ ሰሌዳ።

ላስቲኳ ሲበጠስ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆረጥን፣
አምፖሏ ሲቃጠል ከእጅ ባትሪ ነቀልን፣
ኳሷ ስትጠፋ (ማን እንደወሰዳት ኋላ ነው ያወቅን)
ከኤንትሬ ኩሽኔታ አንድ እንክብል አወጣን።
ትንሽ ከበደች። ስትወርድ የምታሰላስል ትመስል፤
«አሁን የጅማ ልጅ ሆነች» አለ ነዚፍ፣ «አትቸኩል።»

ኋላ ዘመን ዞረ። ቡና ቤቱ ተወረሰ፤
የቀበሌ መዝናኛ ተባለ፣ ግድግዳው ኖራ ለበሰ።
የኮረዳዋን ገላ በወረቀት ሸፈኑ፣
«ምርት ይደግ!» ጻፉበት፤ ዓይኗን ግን ረሱ፣ አልከደኑ።
ከመፈክሩ በላይ ስትጠቅሰን ኖረች።

ተማምን ከቤቱ ወሰዱት በአንድ ሌሊት።
ያኔ ማንም አፉን ሞልቶ አላለም «ቲልት»።
ጫማውን ሳያጠልቅ ነው የሄደው። እናቱ
በግራው ጫማ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልላ፣
የጠፋችውን ኳስ አገኙ።
ወስደው ለሽታዬ ሰጧት፣ ለሒሳብ ያዧ።
ለምን ለእሷ? አልጠየቅንም።

ጃንጥላዬን ረስቼ ስመለስ አንድ ማታ፣
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሽታዬ፣ ደወሉን በጨርቅ አፍና፣
ኩሽኔታዋን አውጥታ፣ የእሱን ኳስ አስገብታ፣
ትጫወታለች ብቻዋን። በጣቷ ጫፍ ነው የምትነካት።
ቁጥሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ ሞላ፣ ዜሮ ገባ፣ ደግሞ ጀመረ፤
ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ በዓይናችን አልነበረ።
«ጻፈው» አለችኝ ሳትዞር።
«በስምሽ?»
«በተማም።»
ትኩስ ኖራው ላይ ጻፍኩት። እጄ ግን የእኔ አልመሰለኝም።
በማግስቱ ሊቀመንበሩ አስቀቡት። ማንም ምንም አላለም።

እሜቴ የሞተችው ኋላ ነው፣ ትራንስፎርመሯ ነዶ፤
ቆራሌው በኪሎ ገዝቶ፣ ኮረዳዋን ከነመፈክሯ
በአህያ ጭኖ ወሰዳት፣ ወደ ቦዬ ማዶ።

አሁን ቤቱ ሞባይል ይሸጥበታል፤ አምስቴ ተቀብቷል።
ሐምሌ ሲገባ ግን፣ ዝናቡ ሲሰነብት፣ ግድግዳው ያልበዋል፤
ከሰሉም ከቀለሙ ሥር ቀስ ብሎ ይወጣል።
ስም በግራ፣ ቁጥር በቀኝ።
ነዚፍ ዓይኑ ደክሟል፤ «አንብብልኝ» ይላል፣ ጃኬቴን ይዞኝ።
ቻርጀር የምንገዛ መስለን እንቆማለን።
ቁጥሩን በሹክሹክታ አነብለታለሁ፣ ከነዜሮው።
እሱም ከመውጣታችን በፊት የመስታወት መደርደሪያውን
በወገቡ ነካ ያደርጋል።
«ኧረ ጋሼ፣ ይሰበራል!» ይላል ልጁ ደንግጦ።
«አይዞህ» ይለዋል ነዚፍ፣ «ልኳን አውቃለሁ።»