አንድ ሰው የቀረው

በሦስት ቀን አንዴ፣ ያውም ሌሊት ሌሊት፣
ይሞት ነበር ሰርቨሩ፣ ሳያሳይ ምልክት።
ምስክር እንዲሆነኝ መስመር ስጨምርበት
ጨዋ ልጅ ይሆናል፤ አንዳች እንከን የለበት።
መስመሩን ሳነሣው፣ ዞር ስል ለአፍታ፣
እንደገና ዝልፍልፍ፣ እንደገና ጸጥታ።

ጥዑመልሳን ደክሞት «ተዪው» አለኝ፤ «በቃ፣
ኮዱ ምን አጠፋ? ያረጀው ነው ዕቃ።»
ኮቱን ደረበና ወረደ አራት ፎቅ፤
እኔ ከከርነሉ ቀረሁ ስጨቃጨቅ።

በማግስቱ ማታ፣ ለገሃር ላይ፣ ዝናብ፤
ጃንጥላና ክርን፣ መጋፋት፣ መሳሳብ።
«አንድ ሰው የቀረው፣ ሜክሲኮ፣ ሣር ቤት!»
አየሁት በመስኮት፤ ባዶ ወንበር አለበት።
ሮጥኩ። ከወዲያ በኩል የቆመ ሰውዬም
አይቶታል ያንኑ፤ አልተሳሳተም።
እኔም አልተሳሳትኩ።
እውነት ነው ያየነው፣ ባየንበት ቅጽበት፤
በማየት፣ በመቀመጥ መሀል ግን አለ ክፍተት፣
አንድ እርምጃ፣ ግማሽ ትንፋሽ፣
ከሰው ዓይን የሚሸሽ።
ወንበሩ ላይ ስል፣ አረፍኩ በሰው ጭን ላይ፤
ቀድሞኛል ለካ፣ ሳንተያይ።
ወያላው ሳቀብን። እኔ ግን እንደ እብድ
«ወራጅ አለ!» አልኩኝ፣ ሳይጀመር መንገድ።

አራት ፎቅ በእግሬ፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል።
ያው ነው! ሁለት ኮር፣ አንድ ሣጥን፤ አንዱ ያያል፣
«ባዶ ነው» ይላል፤ ሳይጽፍበት ግን ገና
ሌላውም ያየዋል፤ ባዶ ነውና፣
ያምናል። ሁለቱም ይጽፋሉ።
ሰው ቢሆን ጭን አለው፤ «ይቅርታ» ይባባላል፤
እዚህ ግን ኋለኛው ፊተኛውን ይደመስሳል።

ዶሮ ማነቂያ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ግቢያችን
አንድ ሽንት ቤት ነበር ለዘጠኝ ቤታችን።
ማንኪያ የታሰረበት ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ካለ
ይገባል፤ ከሌለ፣ ውስጥ ሰው ስላለ
ይቆማል። ማንኳኳት፣ መማማል የለ።

ቆለፍኩት እንደዚያው፣ ከማየቱ በፊት፤
አይቶ መቆለፍማ ያው ነው፣ ያው ስሕተት።
አስነሣሁት። ጸጥ አለ። ይኸኛው ጸጥታ
ሌላ ነው፤ ሁሉም ቆሟል፣ የሚጠብቅ ተርታ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።
ለካ ነገር ሲበላሽ የሚመለስበት
አንድ መውጫ ነበር፣ ቁልፉን ያልሰቀልኩበት።
አቶ መንገሻም አንዴ፣ ይዞት ሄዶ በኪሱ፣
ቀኑን ሙሉ ግቢው ቆመ እስኪመለስ እሱ።

የሠራሁት ይኸው፦ ያዝ፤ ስትወጣ ልቀቅ፤
በየትኛውም በር፣ ብትወድቅም ባትወድቅ።

ሲነጋጋ ወረድኩ። ከሾፌሩ በቀር
ማንም የሌለበት ታክሲ ቆሞ ነበር።
«አንድ ሰው የቀረው!» ይጮኻል ወያላው።
ለዚህኛው ቆጣሪ ቁልፍ አልሠራሁለትም፤
ሳቅሁና ገባሁ። ማንም አልቀደመኝም።